ሲሄዱ አምስት፣ ሲመለሱ ሁለት

ያን እሑድ ከምሳ በኋላ ሳሎን ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ አባዬ፣ እማዬ፣ ፍሬን እና እኔ። ሰዓቱ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር።

አባዬ ሠላሳ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ፍሬን ከዚያ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት አጠገቡ የተቀመጠ ረዳቱ ነው። ስሙን ያወጣለት አባዬ ነው፤ ቁልቁለት በደረሱ ቁጥር “ፍሬን፣ ሹፌር፣ ፍሬን” እያለ ስለሚጨቀጭቀው። አሁን ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል። ፍሬን እሑድ እሑድ ቤታችን ይመጣል፤ ሶፋው ላይ እንኳን የሚቀመጠው ከአባዬ በስተቀኝ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የእኔ ስልክ ነበር፤ ስልኩ ላይ ደግሞ እህቴ የላከችው የአውሮፕላን ትኬት። እህቴ የምትኖረው ከእኛ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ብዙ አገር አቋርጠው በሚደርሱበት ሌላ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ትኬቱን የቆረጠችው ለአባዬ ነው። የሚሄደው በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ የሚመለሰው በሠላሳኛው ቀን።

እኛ ሦስት ልጆች ስንወለድ አባዬ አንዳችንም ጋ አልነበረም። ታላቅ ወንድማችን ሲወለድ ጎርፍ መንገድ ዘግቶበት ወንዝ ዳር ተኝቷል። እህቴ ስትወለድ ሲሚንቶ ሲያራግፍ ነበር። እኔ ስወለድ ጎማ ሲቀይር። እማዬ ይህን የምትናገረው ሳትቆጣ ነው፤ ስለ ዝናብ እንደሚወራ። ሳትቆጣ መናገሯ ግን ለአባዬ ከቁጣ ይብስበታል። ስለዚህ እህቴ ማርገዟን የነገረችን ቀን፣ “ይህኛው ግን እኔ በር ላይ ቆሜ ነው የሚወለደው” ብሎ በሁላችንም ፊት ተናግሯል።

ከአንድ ወር በፊት ግን ግራ እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ ሐኪሙ አንድ ወረቀት ሰጠው። ብዙ ነገር ተጽፎበታል፤ በቀይ የተሰመረበት አንዱ ብቻ ነው። ለሦስት ወር ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ በረራ አይፈቀድም ይላል። ብዙ ተቀምጦ መሄድ ደሙን መልሶ ሊያረጋው ይችላል፤ የረጋው ደም ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ከገባ ደግሞ ሰው ይሞታል። ሐኪሙ ይህን ሲናገር እኔም ነበርኩ።

“በል አንብብልኝ” አለኝ አባዬ። የመንገድ ደብተሩን ከፍቷል። ሥራ ላይ በነበረ ጊዜ እያንዳንዱን ጉዞ በዚህ ዓይነት ደብተር ነበር የሚመዘግበው። ሦስት አምድ አለው፤ የተነሣንበት፣ የደረስንበት፣ የፈጀው። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳን እስከ ገበያ ሲሄድ ይጽፋል።

ትኬቱ ላይ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈውን ወደ እኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። “መነሻ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። መድረሻ፣ ስምንት ሰዓት ከአርባ።”

ጻፈ። ቀነሰ። ከዚያ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አጋደመው።

“አምስት ሰዓት ከአርባ” አለ።

“አራት ሰዓት ገደማ ነው ብላኝ ነበር እኮ ልጅቷ” አለች እማዬ።

“ገደማ ስንቱን ሹፌር ገደል ከቶታል መሰለሽ። ልጅ አባቷ እንዲመጣላት ስትፈልግ ገደማ ትላለች።”

“እንቅልፋም ናት ደግሞ” አለ ፍሬን። “ተኝታ ስለምትሄድ አራትም አሥራ አራትም ለእሷ ያው ነው።”

አባዬ ስልኩን በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። “መመለሻውን አንብብ።”

“መነሻ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። መድረሻ፣ ስድስት ሰዓት ከአሥር።”

ጻፈ። ቀነሰ። ደግሞ ቀነሰ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና እንደገና አየው።

“ሁለት ሰዓት ከአሥር” አለ። “መንገዱ ያው ነው?”

“ያው ነው።”

“አውሮፕላኑስ?”

“ቁጥሩ ይለያል እንጂ ዓይነቱ አንድ ነው ይላል።”

“ምን ይገርማል?” አለ ፍሬን። “ሲሄድ ዳገት ነው፤ ሲመለስ ቁልቁለት።”

“ሰማይ ላይ ምን ዳገት አለ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሹፌር። እኔ የማውቀው ጭነን ስንሄድ አምስት ሰዓት የፈጀብን መንገድ ባዶውን ስንመለስ ሁለት እንደሚፈጅ ነው።”

“ሰው ጭኖ ሄዶ ሰው ጭኖ ነው የሚመለሰው። ባዶውን የሚመለሰው ለማን ብሎ ነው?”

ፍሬን ትንሽ አሰበ። “እንግዲያው ሲሄዱ አንድ ቦታ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ” አለ። እማዬ ሳቋን ለመደበቅ ትሪውን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

አባዬ ግን አልሳቀም፤ ነገሩ ይዞታል። ጡረታ ሲወጣ ከጭነት ድርጅቱ ቢሮ የተሰጠውን ትልቅ ካርታ ከግድግዳው አስወረደኝና ምንጣፍ ላይ ዘረጋነው። ከሥራ ቦርሳዬ ውስጥ የሸራ መስፊያ ክር አወጣሁ። እኔ የምሠራው የጭነት መኪና ሸራ ሰፍቶ የሚያድስ ቤት ውስጥ ነው፤ ክራችን ሰም የተቀባ ስለሆነ ሲወጥሩት አይለጠጥም። አንዱን ጫፍ አባዬ በአውራ ጣቱ ከተማችን ላይ ተጫነው፣ ሌላውን እኔ እህቴ ከተማ ላይ። ከዚያ ክሩን ሳናላላ ካርታው ግርጌ ካለው የኪሎ ሜትር መለኪያ መስመር ላይ አጋደምነው።

“ሁለት ሺህ ሰባት መቶ” አለ አባዬ።

“በመኪና ከአራት ሺህ ይበልጣል” አለ ፍሬን፤ ሄዶበት አያውቅም።

“አውሮፕላን ተራራ አይዞርም።” አባዬ ደብተሩ ዳር ላይ ማስላት ጀመረ። እህቴ ስትሄድ ከፊቷ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ የሚታየውን ፍጥነት ነግራው ነበር፤ በሰዓት ስምንት መቶ ሃምሳ። አካፈለ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ መጣለት። “ከከተማ ሲወጣና ከተማ ሲገባ ቀስ ይላል፤ ይህ የትም ያለ ነው” አለና ግማሽ ሰዓት ጨመረ። ሦስት ሰዓት ከአርባ።

ሁላችንም ያቺን ቁጥር አየናት። ትኬቱ አምስት ከአርባ ይላል፣ ክሩ ሦስት ከአርባ።

“ሁለቱ ሰዓት የት ገባ?” አለ አባዬ።



አባዬ ጭነት ከመቀበሉ በፊት የመመለሻውን ነዳጅ የሚያሰላ ሰው ነበር ይባላል። መመለሻው ያልታወቀ መንገድ መንገድ አይደለም የሚል ሕግ አለው። ስለዚህ ካርታውን ጠቀለለና ፍርዱን ሰጠ። “ትኬቱ እስከ ረቡዕ ድረስ መመለስ ይችላል ብላለች። እስከዚያ የሁለቱን ሰዓት መግቢያ ያገኘ ይንገረኝ። ካልተገኘ ረቡዕ ጠዋት እደውልላትና አልመጣም እላታለሁ።”

ይህን የተናገረው ደረቅ ባለ ድምፅ ነው። ከዚያ ግን ካርታውን ወደ ግድግዳው ሳይመልስ እቅፉ ውስጥ ይዞት ቁጭ አለ።

ሰኞ ሥራ ቦታ ሆኜ ሐሳቤ እዚያው ነበር። ጠረጴዛችን ሰፊ ነው፤ ሸራ እንዘረጋበታለን፣ በጠመኔ እናሰምርበታለን። እኔም ከሸራው ዳር፣ ተቆርጦ የሚጣለው ላይ፣ ቁጥሮቹን ጻፍኩ። ክሩ እውነት ከተናገረ፣ ሲሄድ ሁለት ሰዓት ይጠፋል። ሲመለስ ደግሞ ሦስት ከአርባ መፍጀት ሲገባው ሁለት ከአሥር ብቻ ነው የሚፈጀው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይገኛል። የጠፋው ነገር ተመልሶ የሚገኝ ይመስላል። ግን ሁለት ጠፍቶ አንድ ተኩል ነው የተገኘው። ግማሽ ሰዓት አሁንም የለም።

ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ መቀነስና መደመር ግን አይጠፋኝም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያችው ግማሽ ሰዓት።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ የታጠበ ሸራ ከግቢው ጫፍ እንዳመጣ አዘዘኝ። የግቢው በር ተከፍቶ ስለነበር ነፋስ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ባዶ እጄን ስሄድ አልታወቀኝም። ሸራውን ግማሽ ዘርግቼ ተሸክሜ ስመለስ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ያዘኝ፤ ሸራው ተነፋና ወደ ኋላ ገፋኝ። ቆምኩ። ከዚያ ዞር ብዬ ወደ መጣሁበት ጥቂት እርምጃ ሄድኩ። እግሬ በራሱ ፈጠነ። እንደገና ዞርኩ። እንደገና ያዘኝ።

“ጸጥተኛው” አለ አለቃዬ ከበሩ ላይ ሆኖ፤ እኔን የሚጠራው እንደዚያ ነው። “ሸራውን አምጣ አልኩህ እንጂ ሽር ሽር አድርገው አልኩህ?”

ደነገጥኩና ሮጬ አስገባሁለት። ግማሽ ሰዓቷን ግን ያገኘኋት መሰለኝ። ሁለቱ ሰዓት ነበር የቀረኝ።

ማታ ሳይመሽ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ቤት ገባሁ። እማዬ ከገመድ ያወረደችውን ልብስ አልጋ ላይ እያጠፈች ነበር። አባዬ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው እግሩን ከፍ አድርጎ በርጩማ ላይ ሰቅሏል። ስልኬን ሳወጣ እማዬ ቀና ብላ አየችኝ።

“ለእህትህ ልትደውል ከሆነ አሁኑኑ ደውል። እሷ ጋ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ እራት ልትበላ ነው።”

እጄ ስልኩ ላይ ቀረ። “አንድ ተኩል መሆኑን በምን አወቅሽ?”

“ሁለት ጨምሪ ብላኛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት እየጨመርኩ አይደል እንዴ የምደውለው?”

አባዬ እግሩን ከበርጩማው አወረደ። “ምን ሁለት?”

“ሁለት ሰዓት ነዋ። እሷ ጋ ፀሐይ ቀድማ ትወጣለች፣ ቀድማ ትገባለች።”

“እኔ እኮ ስደውል ሁልጊዜ ልተኛ ነው የምትለኝ ቶሎ መተኛት ስለምትወድ መስሎኝ ነው።”

“ሦስት ዓመት ሙሉ?”

“ከልጅነቷም እንቅልፋም ነበረች” አለ አባዬ፤ ድምፁ ግን ለመከራከር አልነበረም። “ታዲያ ትናንት ሁለት ሰዓት ጠፋብን ብለን ምንጣፍ ላይ ስንንከባለል ለምን ዝም አልሽ?”

እማዬ የያዘችውን ሸሚዝ እጅጌ አስተካከለች። “እናንተ የምትፈልጉት ሰማይ ላይ ነበር። የኔ ሁለት የስልክ ነው። አንድ ናቸው ያለኝ የለም።”

አባዬ ደብተሩን እንዳመጣለት በዓይኑ አመለከተኝ። አምስት ከአርባ የሚለውን በአንድ ሰረዝ ሰረዘና ከጎኑ ሦስት ከአርባ ብሎ ጻፈ። “ከክሩ ጋር ገጠመ” አለ ቀስ ብሎ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የነዳው አንድ አገር ውስጥ ነው። በሄደበት ሁሉ ሰዓቱ የራሱ የእጅ ሰዓት ነበር፤ የደረሰበት ከተማ ሌላ ሰዓት ይኖረዋል ብሎ ለማሰብ ምክንያት አልነበረውም።

ትንሽ ቆይቶ ግን ግንባሩን ቋጠረ። “ትኬቱ ስምንት ከአርባ የሚለው በማን ሰዓት ነው? በእሷ ከሆነ እሰዬው። በእኛ ከሆነ ግን ያው አምስት ከአርባ ነው። ነገ የአየር መንገዱ ቢሮ ሄደህ ጠይቅልኝ። በገደማ እንዳይመልሱልህ።”

ሰው ፊት ቆሞ መጠየቅ ለእኔ ከባድ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ከአለቃዬ ፈቃድ ወስጄ ስሄድ ጥያቄዎቼን ወረቀት ላይ ጽፌ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ሰው ብዙ ነው። ተራ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ከማሽን ላይ ወሰድኩ፤ ስድሳ አንድ። የሚጠሩት ሠላሳ ስምንትን ነበር። ግድግዳው ላይ አምስት ሰዓቶች በተርታ ተሰቅለዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር የአንድ ከተማ ስም አለ። አምስቱም የተለያየ ይላሉ። በዚያ በር ላይ መቶ ጊዜ አልፌያለሁ፤ በመስታወቱ በኩል ሳያቸው ሁልጊዜ የሚመስለኝ ባትሪ ያለቀባቸው ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ትኬት ቆራጭ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ወረቀቴን በቀዳዳው አሾለኩላት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

“ማን ነው የጻፈው?”

“እኔ ነኝ።”

“ፈተና ነው የመሰለኝ።” ወረቀቱን አዞረችው፤ ጀርባውም ላይ ጥያቄ ነበር። “እሺ። አንደኛ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት ነው። መነሻው በመነሻው ከተማ፣ መድረሻው በመድረሻው። ሁለተኛ፣ አዎ፣ ሁለት ሰዓት ይቀድሙናል። ሦስተኛ...” ቆም ብላ አየችኝ። “ሦስተኛው ላይ ‘ግማሽ ሰዓቷ ነፋስ ናት ወይ?’ ይላል። ይህን ማን ነገረህ?”

“ማንም። ሸራ ተሸክሜ ነው።”

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፤ ቢሆንም ሳቀች። “ነፋስ ናት፣ ወንድሜ። እዚያ ከፍታ ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ሲሄዱ ከኋላ ይገፋቸዋል፣ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማቸዋል።” የኮምፒውተሯን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችልኝ። “ይኸው። እዚህ ላይ በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ራሱ ተጽፏል።”

አየሁት። መሄጃ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ። መመለሻ፣ አራት ሰዓት ከአሥር።

ደስ ብሎኝ ልዞር ስል እግሬ ቆመ። አራት ሰዓት ከአሥር።

እሑድ ዕለት አምስት ከአርባ ብሎ ያስፈራን ቁጥር ሲታረምልን ተደስተን ሁለት ቀነስንለት። ሁለት ከአሥር የሚለውን ግን ማንም አልነካውም። ያ ቁጥር ደስ የሚለን ቁጥር ነበር። ሰው የሚጎዳውን ስህተት ይፈልጋል እንጂ የሚጠቅመውን ማን ይነካል? እኔ ራሴ ሰኞ ዕለት ሸራ ላይ ስደምርና ስቀንስ ግማሽ ሰዓቷን እያሳደድኩ ይህቺን አላየኋትም።

“ከአራት ሰዓት የሚያንስበት ቀን አለ?” አልኳት። ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

“ነፋስ ነው፤ አንዳንድ ቀን ያንሳል። ብዙ ቀን ግን ይብሳል።”

“ሌላ መንገድስ?”

“በሌላ ከተማ ዞሮ የሚመጣ አለ። የመጀመሪያው በረራ ብቻ ስድስት ሰዓት ነው።”

አመሰገንኳት። ስድሳ ሁለት ተጠራ።

ወደ ቤት በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ ብይዝ ቶሎ እደርስ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም። አባዬ ሄዶ የልጅ ልጁ ሲወለድ በር ላይ ይቆማል፤ ሲመለስ አሥር ደቂቃ ያልፋል፤ ምናልባት ምንም አይሆንም። ብናገር ደግሞ ሕጉን አውቀዋለሁ። መመለሻው ያልታወቀ መንገድ መንገድ አይደለም። ረቡዕ ጠዋት ስልኩን ያነሣል። በአንድ በኩል ሐኪሙ ስለ ሳንባ የተናገረው አለ፤ በሌላ በኩል አባዬ ካርታውን ታቅፎ የተቀመጠው። ሁለቱን ሳመዛዝን ሁለት ጊዜ የተሳሳተ መንገድ ታጠፍኩ።

ቤት ስደርስ አባዬ ጢሙን ተላጭቷል። አልጋው ላይ ሻንጣ ተከፍቷል፤ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብና የሐኪሙ ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ገብቶበታል። ፍሬንም፣ ከእሑድ ሌላ ቀን የማይመጣው፣ መጥቶ ሻንጣው እንዴት እንደሚጫን ያዛል። “ከባድ ከባዱን ወደ መንኮራኩሩ አድርገው፣ ሹፌር። አለበለዚያ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይስብሃል።”

“ምን አሉህ?” አለኝ አባዬ።

“በየከተማው ሰዓት ነው። መሄጃው ሦስት ከአርባ ነው።”

ጉልበቱን በመዳፉ መታ። “አላልኩም? ክር አይዋሽም።”

ስለ መመለሻው አልጠየቀኝም። ስለዚህ ደብተሩን ከመስኮቱ ላይ አነሣሁና ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ በራሱ አምዶች ውስጥ፣ በተቻለኝ ንጹሕ ጽሕፈት ሁለተኛውን መስመር ጻፍኩ። የተነሣንበት፣ አራት ሰዓት በእነሱ። የደረስንበት፣ ስድስት ከአሥር በእኛ። የፈጀው፣ አራት ሰዓት ከአሥር። ደብተሩን ክፍቱን አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት።

ብዙ አየው።

“ሁለት ከአሥር ነበር እኮ” አለ።

“ከመሄጃው ሁለት ከቀነስን መመለሻው ላይ ሁለት መጨመር አለብን።”

ፍሬን በትከሻው ላይ ተንጠራርቶ አነበበ። “አሥር ደቂቃ ነው እኮ። መጸዳጃ ቤት ገብተህ ስትወጣ አለቀ።”

“ድልድይ ላይ አሥር ቶን የሚል ቢለጠፍ አሥር ቶን ከኩንታል ትጭናለህ?” አለው አባዬ።

“ጭነን አልፈናል።”

“አንተ ነህ የጫንከው። እኔ ቁርስ ልበላ ስገባ።”

“ታዲያ ድልድዩ ወደቀ?”

“አልወደቀም። ግን አንተ ነህ የነዳኸው፤ እኔ ከኋላህ በእግሬ ነው የተሻገርኩት።”

አባዬ ተነሣና ወደ ሻንጣው ሄደ። ከላይ ያለውን ሸሚዝ አወጣ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ሳይጨማደዱ አንዱን በአንዱ ላይ አልጋው ላይ አስቀመጣቸው። እኔ ወለሉን አየሁ። ዝም ብል ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ።

እማዬ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታለች። እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች።

“መኪናው መንገድ ላይ ሲበላሽብህ ምን ታደርግ ነበር?” አለችው።

“ምን አደርጋለሁ? እስኪሠራ እዚያው አድራለሁ።”

“ብዙው ስንት ቀን ነው ያደርከው?”

አባዬ ፍሬንን አየው። “አርባ ሦስት ቀን” አለ ፍሬን። “ዕቃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ።”

“መመለሻው ያኔ ታውቆ ነበር?”

“መኪናው ሲሠራ እንደምመለስ አውቃለሁ” አለ አባዬ።

“ይኸው ነዋ። እግርህ እስኪሠራ እዚያው እደር። ሐኪሙ ሦስት ወር ነው ያለው፤ አንዱ አልፏል።”

አባዬ ሹራቡን ይዞ ቆመ። “በአማች ቤት ሁለት ወር? ሰውየው ምን ይለኛል? ሚስት አገባሁ እንጂ ተጎታች አላገባሁም ቢለኝስ?”

“ሠላሳ ስምንት ዓመት ስጠብቅህ እኔን ማን ምን አለኝ?” አለች እማዬ። “ሕፃን ያዝለት፤ ተጎታች አይልህም።”

አባዬ ሹራቡን አየ፣ ሻንጣውን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“ሦስቱ ወር የሚያልቀው መቼ እንደሆነ ቁጠርልኝ” አለኝ። “በገደማ አይደለም።”

የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አወረድኩና በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። ከቅዳሜ ጀምሮ ሃምሳ አምስተኛው ቀን ላይ ያልቃል። አንድ ቀን ለጥንቃቄ ጨመርን። አባዬ ሃምሳ ስድስት ብሎ ጻፈና ሸሚዞቹን ወደ ሻንጣው መለሳቸው፤ ፍሬን ከባዱን ወደ ታች እያለ።

ረቡዕ ጠዋት ያችው ትኬት ቆራጭ ዘንድ ሄጄ የመመለሻውን ቀን አዛወርኩ። አባዬ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሄደ። ልጅቷ በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተወለደች፤ አባዬ የማዋለጃው ክፍል በር ላይ ነበር። በሃምሳ ስድስተኛው ቀን ተመለሰ። ነፋሱ በርትቶ ስለነበር በረራው አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ።